«አልተገኘም» የሚለው ግንበኛ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉልኝ። ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች፤ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበር። ሳይረኑ እንዲጮህ ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ትርሲት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። የምትሠራውም አዋሽ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስለ ጎርፍ በሚያስጠነቅቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ወንዙን ተከትለው ምሰሶዎች ቆመዋል። በየምሰሶው ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያና አንድ የማስጠንቀቂያ ሳይረን አለ። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው፤ ቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ውኃው ከተፍ ይላል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ጎርፍ መምጣቱን የሚያውቀው በሳይረኑ ነው።

ባለፈው ጎርፍ ሳይረኑ ዝም አለ። ውኃው ቀስ እያለ ሳይሆን በአንዴ ዘሎ ሲነሣ፣ ምሰሶው ውስጥ ያለው ፕሮግራም «መለኪያው ተሳስቷል» ብሎ ልኬቱን ጣለው። ጣለውና አርፎ ተቀመጠ። ፍየሉም ግመሉም ተወሰደ። አንዲት ትንሽ ልጅ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ተገኘች፤ በገመድ አወረዷት። ልጅቷ የያዮ የእህት ልጅ ናት፤ ያዮ ደግሞ ምሰሶዎቹን የሚጠብቀው የአፋር ሰው ነው።

ትርሲት ስሕተቱን ፈልጋ አገኘችው። ሁለት መስመር ነበር። አስተካከለችው። የቀረው ፕሮግራሙን እንደገና መገንባት ብቻ ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን እንዳለ አይረዳውም፤ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው። ኮምፓይለሩን እየጠራ፣ ፋይሎቹን በተራ እያቀበለ፣ የወጣውን ሁሉ የሚያገጣጥም ሌላ ፕሮግራም ደግሞ አለ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ግንበኛው» ይሉታል።

ትርሲት ግንበኛውን አዘዘችው። ግንበኛው በቀይ ጽሑፍ መለሰላት፦ «ኮምፓይለር አልተገኘም።»

«እንዴት ነው የማይገኘው?» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸችበት።

ኮምፓይለሩ እዚያው በመሥሪያ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ተጭኗል። ፎልደሩን ከፈተችው፤ አለ። በስሙ ጠራችው፤ የትኛው እትም እንደሆነ ነገራት። ሰሞኑን አዲስ እትም ሲጫን የፎልደሩ ስም ተቀየረ እንጂ ኮምፓይለሩ የትም አልሄደም። ግንበኛው ግን ራሱ ዞር ዞር ብሎ አይፈልግም። የሚያውቀው አንድ የሴቲንግ ፋይል ላይ የተጻፈለትን አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው የድሮው ነው፤ ፋይሉም ተቆልፏል።

ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም።

ትርሲት ተነሥታ ወደ ይትባረክ ሄደች። ይትባረክ የሰርቨሩ ኃላፊ ነው፤ የትርሲት እኩያ፣ ጃኬት ለብሶ በዚያ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ የሚውል ልጅ።

«ይትባረክ፣ በናትህ ለግንበኛው አዲሱን አድራሻ ጻፍለት። አንተ ካልጻፍክ ግንበኛው አይገነባም፤ ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም።»

«ፋይሉን ወይዘሮ ምንትዋብ ቆልፈውታል» አለ። «እሳቸው ካልከፈቱ እኔ አልጽፍም።»

«ኮምፓይለሩ እኮ አለ! ና ላሳይህ!»

«መኖሩንማ አውቃለሁ። የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ትርሲት ጠረጴዛውን መታች። «አንተ ጭነኸው፣ አንተ እያወቅኸው፣ አልተገኘም ሲል ዝም ትላለህ?»

«በእጅሽ ለምን አትገነቢውም ታዲያ?»

«አምና በእጅ የተገነባው ያመጣውን ረሳኸው?»

ይትባረክ አንገቱን ደፋ። አምና አንዱ ባልደረባቸው ቸኩሎ ፋይሎቹን በእጁ ሲያገጣጥም አንዱን ረሳ። ሳይረኑ በደረቅ ቀን፣ ያለ ምንም ጎርፍ ሲያምባርቅ ዋለ። ሰው ሕፃናቱን አዝሎ ሮጠ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ ተጎዳች። ከዚያ ወዲህ በእጅ መገንባት ክልክል ነው፤ ክልከላውን ደግሞ ትርሲትም ትደግፈዋለች።

ወደ ፎቅ ወጣች። ወይዘሮ ምንትዋብ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ።

«ወይዘሮ ምንትዋብ፣ እባክዎን ፋይሉን ይክፈቱልን። እርስዎ ካልከፈቱ ይትባረክ አይጽፍም፤ ይትባረክ ካልጻፈ ግንበኛው አይገነባም፤ ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም።»

«ልጄ፣ ያ ፋይል ክፍት የነበረ ጊዜ አንዱ ነካክቶት ሰርቨሩ በሙሉ ወድቆብን ነበር። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። አቶ ላቀው ካላዘዙ አልከፍትም።»

«እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፤ አንዲት መስመር ተጽፋ ወዲያው ይቆልፉታል።»

«አጠገቤ ብትቆሚ ስድቡን አብረሽኝ ትሰሚያለሽ እንጂ አታስቀሪልኝም። እሳቸው ይዘዙ።»

ትርሲት ኮሪደሩን እየረገጠች ወደ አለቃው ቢሮ ገባች። አቶ ላቀው ስልክ ላይ ነበሩ፤ በእጃቸው ተቀመጪ አሏት። አልተቀመጠችም። ስልኩን ሲዘጉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

«አቶ ላቀው፣ አንድ ቃል ይበሉልኝ። እርስዎ ካላዘዙ ወይዘሮ ምንትዋብ አይከፍቱም፤ እሳቸው ካልከፈቱ ይትባረክ አይጽፍም፤ ይትባረክ ካልጻፈ ግንበኛው አይገነባም፤ ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም። ሳይረኑ ካልጮኸ ደግሞ ምን እንደሚሆን ባለፈው አይተናል!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«ዝቅ አላደርግም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክረምቱ ገብቷል። ደጋው እየዘነበ ነው።»

አቶ ላቀው ክፉ ሰው አይደሉም። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ምሰሶዎቹን የተከለው ተቋራጭ ነው፤ ዋስትናው ገና አላለቀም። ያለ እነሱ ስምምነት አንድ ነገር ለውጠን ቢበላሽ፣ አልሠራንም ይሉና ጥለውን ይሄዳሉ። ኢንጂነር ቃለአብ ካልተስማሙ አላዝም። ደውዪላቸው።»

ደወለች። ስልኩ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ሲጠራ ቆይቶ ተነሣ። ኢንጂነር ቃለአብ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከኋላቸው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ካልተስማሙ አለቃዬ አያዙም፤ አለቃዬ ካላዘዙ ወይዘሮ ምንትዋብ አይከፍቱም፤ እሳቸው ካልከፈቱ ይትባረክ አይጽፍም፤ ይትባረክ ካልጻፈ ግንበኛው አይገነባም፤ ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም።»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አሉ ኢንጂነሩ። «ችግር የለም። የሙከራ ምሰሶ አላችሁ አይደል? የምሰሶው ጠባቂ እዚያ ላይ ይሞክረውና መጮኹን ያሰማኝ። ሙከራውን ሳልሰማ እንዴት ነው የምስማማው?»

ነገሩ ልክ ይመስላል። ትርሲት ተስፋ አደረገች። ባጃጅ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

ያዮ ከሙከራ ምሰሶው ሥር፣ የቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይህ ምሰሶ ከሌሎቹ ጋር አልተገናኘም፤ ሳይረኑም ትንሽ ነው፤ መንደር አያስደነግጥም። አጠገቡ አንድ በርሜል ሙሉ ውኃ አለ፤ መለኪያውን እዚያ እየነከሩ ይሞክሩበታል። ያዮ ሲያያት ተነሣ።

«እህቴ፣ መጣሽ? አዲሱን ይዘሽ ነው?»

«ያዮ፣ ሙከራ አድርግልኝ። አንተ ካልሞከርክ ኢንጂነሩ አይስማሙም፤ ኢንጂነሩ ካልተስማሙ አለቃው አያዙም፤ አለቃው ካላዘዙ ወይዘሮ ምንትዋብ አይከፍቱም፤ እሳቸው ካልከፈቱ ይትባረክ አይጽፍም፤ ይትባረክ ካልጻፈ ግንበኛው አይገነባም፤ ግንበኛው ካልገነባ ሳይረኑ አይጮህም።»

ያዮ አዳመጣት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ምኑን ነው የምሞክረው?»

«ፕሮግራሙን።»

«አሮጌውን? አሮጌው መበላሸቱን አገር ያውቃል። የእህቴ ልጅ ውኃ በጣሳ ስታይ ታለቅሳለች፤ አሁን ሄጄ አሮጌውን ሞክሬዋለሁ ልበላት? አዲሱን ስጪኝ፣ አሁኑኑ እሞክራለሁ። አዲሱ ካልመጣ ግን እጄ ይህን ነገር አይነካም።»

«አዲሱን የሚገነባው ግንበኛው ነው» አለች ትርሲት። «ግንበኛው የሚገነባው ይትባረክ ሲጽፍ ነው፤ ይትባረክ የሚጽፈው ወይዘሮ ምንትዋብ ሲከፍቱ ነው፤ እሳቸው የሚከፍቱት አለቃው ሲያዙ ነው፤ አለቃው የሚያዙት ኢንጂነሩ ሲስማሙ ነው፤ ኢንጂነሩ የሚስማሙት አንተ ስትሞክር ነው፤ አንተ የምትሞክረው…»

አልጨረሰችውም። ተመልሳ የተነሣችበት ቦታ ላይ ቆማለች። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትወጣ፣ ደረጃ ስትወርድ፣ ስልክ ስትለምን፣ በባጃጅ አቧራ ስትበላ ውላ አንድ ጋት አልተራመደችም። በንዴት ምሰሶውን በእርግጫ መታችው።

ያዮም ተናደደ። «ቆይ፤ ግንበኛው አጣሁት የሚለው ነገር አለ ነው የምትዪኝ?»

«አለ።»

«ይትባረክ ያውቃል?»

«የጫነው እሱ ነው።»

«ሴትዮዋስ? አለቃሽስ?»

«ሁሉም ያውቃሉ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ የማያውቀው ማነው?»

«ግንበኛው ብቻ!» አለች በቁጣ፤ የገዛ መልሷም ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

በባጃጁ ስትመለስ ያንኑ ስታላምጥ ነበር። ሰው ሁሉ የሚለምንለት፣ ሰው ሁሉ የሚፈራለት አንድ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ግን አጠገቡ ያለውን ለማየት ዞር አይልም። ለምንድን ነው ሰው እየሮጠ የሚነግረው? ለምን ራሱ አይፈልግም? ኮምፓይለር እኮ አይደበቅም፤ ሲጠሩት ስሙን ይናገራል።

የተቆለፈው የሴቲንግ ፋይሉ ነው። ግንበኛው የሚመራበት ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝሩ፣ ግን ከትርሲት ፕሮግራም ጋር አብሮ የተቀመጠ፣ በትርሲት እጅ ያለ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ነበር «አድራሻውን ከዚያ ፋይል አንብብ» ብሎ የጻፈበት፤ እሷም ስትረከበው እንዲህ ነው ደንቡ ብላ ዝም አለች። እንዳትነካው የከለከላት ሰው አልነበረም። የፈቀደላትም አልነበረም።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ያቺን መስመር ሰረዘቻት።

በምትኩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ማሽኑ ፕሮግራሞቹን የሚያኖርባቸውን ፎልደሮች በሙሉ ዙር። የኮምፓይለር ስም ያለው ባገኘህ ቁጥር ጥራው። ከመለሰልህ ያዘው፤ ካልመለሰልህ እለፈው። ከመለሱልህ መካከል አዲሱን ውሰድ።

ይትባረክ ሻይ ይዞ ሲያልፍ አይቷት ቆመ። «ምን እየሠራሽ ነው? አቶ ላቀው ያውቃሉ?»

«አንተ አወቅህ፤ ምን ጠቀመኝ?»

ይትባረክ ሻዩን እንደያዘ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

ግንበኛው ፎልደሮቹን ዞረ። አገኘ። ገነባ። ትርሲት ፕሮግራሙን ወደ ሙከራ ምሰሶው ላከችውና ለያዮ ደወለች። ትንሽ ቆይቶ የያዮ ድምፅ መጣ፤ «እህቴ፣ ጭራሽ መብራቱም ጠፋ!»

ትርሲት ጭንቅላቷን ያዘች። አሁን የሚናደዱበት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የራሷ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኮምፓይለሩ አንድ አይደለም። አንዱ ለቢሮው ኮምፒውተር የሚሆን ነው፤ አንዱ ለምሰሶው ትንሽ ማሽን። ስማቸው ይቀራረባል፤ ሲጠሯቸው ሁለቱም ይመልሳሉ። ግንበኛው የቢሮውን አንሥቶ፣ ምሰሶው በማያውቀው ቋንቋ የተሠራ ፕሮግራም ልኮለታል።

«አጥፍተህ አብራው፣ ያዮ። ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይቅርታ፣ የኔ ስሕተት ነው።»

«አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። አንቺ ብቻ አትተዪው» አለ ያዮ።

አልተወችውም። ስም መስማት ብቻ እንደማይበቃ ገብቷታል። ጨምራ ጻፈች፦ ላገኘኸው ኮምፓይለር ሁሉ ትንሽዬ ሥራ ስጠው። የሠራውን ገልብጠህ እይ፤ በምሰሶው ማሽን ቋንቋ ነው ወይ? ካልሆነ እለፈው፣ ስሙ ምንም ቢሆን። ከሆነ እሱን ያዝ። አንድም ካልተገኘ ደግሞ ዝም ብለህ «አልተገኘም» አትበል፤ የት የት እንደፈለግህና የቱን ለምን እንዳለፍከው ተናገር።

ይህችን የመጨረሻዋን ስትጽፍ ቁልፎቹን ትቀጠቅጣቸው ነበር። «ኪቦርዱ ምን አደረገሽ?» አለ ይትባረክ።

አዘዘችው። ግንበኛው ዞረ። አንዱን አገኘና፣ የቢሮው ነው ብሎ አለፈው። ሌላ አገኘና፣ አይመልስም ብሎ አለፈው፤ የድሮ ፎልደር ቅሪት ነበር። ሦስተኛው ጋ ቆመ። በአረንጓዴ ጽሑፍ፦ «ኮምፓይለር ተገኝቷል።» ከሥሩም አድራሻው፤ ያው ሁሉም ሲያውቀው የነበረው አድራሻ።

ይትባረክ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ማንም አልጠረገውም።

ግንበኛው ገነባ። ፕሮግራሙ ወደ ሙከራ ምሰሶው ሄደ። ያዮ ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ውስጥ ከትቶ መለኪያውን በሁለት እጁ ያዘና በርሜሉ ውስጥ በአንዴ ነከረው፤ ልክ ጎርፉ ባለፈው ዘሎ እንደተነሣ። ሳይረኑ ጮኸ። በስልኩ ውስጥ አልፎ፣ የትርሲትን ጠረጴዛ አልፎ፣ ኮሪደሩ ድረስ ጮኸ። ወይዘሮ ምንትዋብ መነጽራቸውን እያወዛወዙ ከፎቅ ወረዱ፤ አቶ ላቀው ከቢሯቸው ወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቅዶልሽ ነው?» አሉ አቶ ላቀው።

«ማንም» አለች ትርሲት። «ቀኑን ሙሉ ጠየቅኩ። በመጨረሻ መጠየቁን ተውኩት። የተቆለፈውን አልነካሁም፤ ግንበኛው እንዲፈልግ ነው ያደረግኩት።»

አለቃው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሳይረኑ በስልኩ ውስጥ እንደገና ጮኸ፤ ያዮ ደግሞ እየነከረው ነበር። አቶ ላቀው አፋቸውን ዘጉና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው፣ በመስኮቱ አዩ። ሰማዩ ጠቁሯል። ስልካቸውን አወጡ። «ኢንጂነር ቃለአብ፣ ይስሙ» ብለው ስልክን ከስልክ ጋር ገጠሙት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ማንም ሳይጎትተው ራሱ ሮጠ። ግንበኛው ገንብቷልና ያዮ ሞከረ፤ ያዮ ሞክሯልና ኢንጂነሩ ተስማሙ፤ ኢንጂነሩ ተስማምተዋልና አለቃው አዘዙ፤ አለቃው አዝዘዋልና ወይዘሮ ምንትዋብ ከፈቱ፤ ወይዘሮ ምንትዋብ ከፍተዋልና ይትባረክ አድራሻውን ሊጽፍ ተቀመጠ። ተቀመጠና ስክሪኑን አየው። ትርሲትን አያት። አድራሻ የሚጻፍለት አልነበረም፤ ግንበኛው አሁን ራሱ ስለሚፈልግ ፋይሉን የሚያነበው ማንም የለም።

«ልዝጋው?» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ ቀስ ብለው።

«ይዝጉት» አለ ይትባረክ።

ፕሮግራሙ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምሰሶዎቹ ሁሉ ተላከ። አቶ ላቀው ሠራተኛውን ሰብስበው «በሁላችንም ትብብር» ብለው ንግግር አደረጉ። ትርሲት ትብብር የሚለውን ቃል ስትሰማ ብድግ ብላ ወጣች።

ጎርፉ የመጣው ብዙ ሳይቆይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከብቱ ወንዙ ዳር ግጦሽ ላይ ሳለ። ትርሲት በስክሪኗ የመጀመሪያው ምሰሶ ቁጥር ሲዘል አየች። በቀደመው ፕሮግራም ቢሆን ይህ ቁጥር ይጣል ነበር። አሁን አልተጣለም። የመጀመሪያው ሳይረን ጮኸ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ የታችኞቹ። ድምፁ ከወንዙ ተነሥቶ በክፍት መስኮት ገባ። ለያዮ ደወለች። አላነሣም። ደወለች። አላነሣም። ቆማ ደወለች፣ ተቀምጣ ደወለች፤ ይትባረክ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

በመጨረሻ ተነሣ። የፍየል ድምፅ፣ የሕፃናት ድምፅ፣ የሚያለከልክ ሰው ድምፅ መጣ።

«ኮረብታው ላይ ነን» አለ ያዮ። «ሰው ሁሉ ወጥቷል። ልጅቷን አዝያት ነው የወጣሁት፤ ይኸው አንገቴን አንቃኛለች። ውኃው ከታች ይታየኛል፤ ቤቶቹ ውስጥ ገብቷል። ሰው ግን የለባቸውም።»

ትርሲት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ ግን ከእንባው ሥር ያ ንዴት አሁንም ነበር፤ ያ ደረጃ፣ ያ ኮሪደር፣ ያ «አውቃለሁ፣ ግን» የሚለው ሁሉ።

«እህቴ፣ አለሽ?» አለ ያዮ።

«አለሁ።»

«አሁንም እንደተቆጣሽ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ» አለ ያዮ። «አይብረድልሽ።»